የሳፒር ግራ ጫማ

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

በጡረተኞች ሞዓዶን፣ በክበባችን፣ የምታስተምረን ልጅ ፊደል የሚጸናው ሲጻፍ ነው ትላለች። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እጄ እንዳይረሳ እጽፋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። መናገር ብፈልግም የሚሰማኝ የለም።

ዛሬ ልጄ በለጠ ሚስቱንና ልጁን ሳፒርን ይዞ የሰንበቴን አስቤዛ ሊያደርስ መጣ። ሚስቱ ሊራዝ ወላጆቿ ከሞሮኮ ናቸው፤ ቢሉ ሴንተር የገበያ አዳራሽ ጫማ ቤት ትሠራለች። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣል። ሳልጠይቃት የኮሪደሬን አምፖል ቀየረች። ከዚያ የሳፒርን ጫማ ከበሩ ሥር አንሥታ ገልብጣ አሳየችኝ። የግራው ሶል በውጭ በኩል ተበልቷል፤ የቀኙ ገና ደህና ነው። ልጅቱ እያነከሰች ነው አለችኝ። እኔ ማነከስ አላየሁም። የዛሬ ልጆች እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ስንፍና ነው አልኋት። ጫማ ሻጭ ዓለሙን ሁሉ በጫማ ነው የምታየው።

ሲወጡ ሳፒር ወደ ኋላ ቀርታ፣ «ሳፍታ፣ ስሮጥ ጭኔ ውስጥ ያመኛል» አለችኝ፤ ሳፍታ አያቴ ማለቷ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለትምህርት ቤቷ ትሮጣለች። ዕድገት ነው አልኋትና ግንባሯን ሳምኋት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ቁፓት ሆሊም፣ በጤና ጣቢያው፣ ሳፒርን ራጅ አነሷት። በለጠ ደወለ። በጭኗ አጥንት ውስጥ አንድ ነገር ታይቷል አለ። ምን ነገር? አልሁት። አንድ ነገር፣ አለ። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ነገር ከአፉ የሚወጣው በጉጠት ነው።

ስንፍና ነው ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ዛሬ ስግድ ነበር፣ የጾምና የስግደት በዓላችን። ኢየሩሳሌም ወጣን። ፀሐይ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ለጽዮን ሲሰግድ እኔ ለአንድ አጥንት ሰገድሁ። ጾሙ ሲፈታ የደረሰኝን ዳቦ ለሌላ አቀበልሁት።

ጎረቤቴ ያለምዘውድ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ሆዴን ቆረጠኝ አልኋት። ያለምዘውድ የሰማችውን ሁሉ እስከ ማታ ድረስ ለሠፈሩ ታዳርሳለች።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

ዛሬ በባቡር ቴል አቪቭ፣ ሆስፒታል ሄደን ነበር። ከረሆቮት ጣቢያ ጀምሮ ወታደሮች ወንበሩን ሞልተውት ነበር፤ አንዱ ተነሥቶ አስቀመጠኝ። ሊራዝ የሥራ ቀኗን ከሌላ ሻጭ ጋር ተቀያይራ መጣች። ሳፒር ቀልድ ታወራለች። ልጅቱ የምትቀልደው ስትፈራ ነው፤ ይህን ከእኔ ነው የወሰደችው።

የአጥንት ሐኪሟ ሬቪታል ትባላለች። እጇ ትንሽ፣ ንግግሯ ቀስ ያለ። ሥዕሉን ከብርሃን ፊት አቁማ አሳየችን። የአጥንቱ ላይኛው ክፍል፣ ከዳሌው አጠገብ፣ ጭስ እንደነካው መስተዋት ደብዝዟል። አጥንት መሆን በሚገባው ቦታ እንደ ክር የተሸመነ ሥጋ በቅሏል አለች። በለጠ ሲተረጉምልኝ ላቡን ይጠርግ ነበር። ልጅቱ ሳትወለድ ጀምሮ ነው ያለው። ከእናትም ከአባትም አይወረስም፤ ወደ ሰው አይጋባም። ካንሰር አይደለም ብላ ታስባለች፤ ነገር ግን ለማረጋገጥ ቅንጣት ወስዳ ታስመረምራለች።

ከዚያ በገላዋ ላይ ምልክት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሁሉም ተያዩ። ከወገቧ በታች አለ አልሁ፤ ከገላዋ የጠቆረ፣ ዳሩ እንደ ተቀደደ ጨርቅ። ልጅቱ በተወለደች ሰሞን ገላዋን ያጠብኋት እኔ ነኝ። ሐኪሟ አየችው። እንዲህ ያለ ምልክት አንዳንዴ ከዚህ አጥንት ጋር አብሮ ይገኛል አለች። የወር አበባዋ መቼ እንደጀመረም ጠየቀች። በለጠ መስኮቱን ያይ ጀመር። ደሟም ይመረመራል፤ ሌሎቹ አጥንቶቿም በሙሉ ይታያሉ።

ስንወጣ ሊራዝ ሳቀች። «ካንሰር አይደለም ብላ ታስባለች አለች፣ ሰማሽ ኢማ?» ብላ፣ እንደ እናቷ ጠርታኝ፣ እጄን ያዘች። ሐኪም የሚያስበውንና የሚያውቀውን ለይታ አታውቅም። እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ቅንጣቱን ወሰዱ። በመርፌ ነው፤ አስተኝተዋት። ደህና ወጣች። በረደኝ። ምንም አልበላሁም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

የሐኑካ፣ የመብራቱ በዓል፣ መጀመሪያ ነው። እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ በለጠ ግን ሥራውን ትቶ መጣ። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ የምወደውን ደረቅ ቴምር ይዞ። ተቀመጠ። «በላሽ ወይ እናቴ?» አለኝ።

የሰው ልጅ እናቱን በላሽ ወይ ቢላት ምን አለበት? ለሌላ ሰው ምንም የለበትም። ለእኔ ግን አለበት።

እናቴ ጎንደር ቀርታ ሞተች። እኛ እዚህ ከገባን በኋላ ነው። ሠፈሩ ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ ክረምቱ አለፈ። ደብዳቤ ሳስጽፍላት ይጽፉልኝ ነበር፤ ያኔ ፊደል አላውቅም። «ደህና ናት፣ ትንሽ ደከም ብሏታል» ይሉኛል። ሁሉም ደግ ሆነውብኝ ነበር። ሲያዩኝ ፈገግ ይላሉ። አንድ ጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ መጣ። በላሽ ወይ አሉኝ። አልበላሁም ስላቸው አበሉኝ። ጎርሼ ስጨርስ አለቀሱ።

የእኛ ደንብ ይኸው ነው። ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ በስልክ አይነገርም፤ ለታማሚ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። መጀመሪያ «ምንም አይደለም» ይባላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ምንም አይደለም ሲለኝ የሞተውን መፈለግ እጀምራለሁ።

በለጠን በልቻለሁ አልሁት። ዓይኖቹን አየሁ። ሄደ። ብርቱካኑን አልነካሁትም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

ሊራዝ መጣች። የደም ግፊት መድኃኒቴን አምጥታ በየቀኑ ሣጥን ውስጥ ደረደረችልኝ። አልተቆጣችም፣ አልጮኸችም። ሊራዝ ካልጮኸች አንድ ነገር አለ።

ከበለጠ ጋር በስልክ በዕብራይስጥ ታንሾካሽክ ነበር፤ ወጥ ቤት ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። ዘግይቶ የተማረ ሰው መስማት የማይችል ይመስላቸዋል። «ገና አልነገርናትም» ስትል ሰማሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ውጤቱ መጣ። ክፉ አይደለም አሉ። ሁሉም እኔ ዘንድ ተሰብስበው ነው የነገሩኝ፤ በለጠ፣ ሊራዝ፣ ሳፒር። ኬክ ገዝተው መጡ። መጀመሪያ ኬኩን ቆረሱ።

ደሟ ደህና ነው። ሌላው አጥንቷ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ያ አንዱ ብቻ ነው። ነገር ግን ቀዶ ጥገና አለ፤ ሰውነቷን የሚሸከመው ቦታ ላይ ስለሆነ እንዳይሰበር በአጥንቱ መካከል ብረት ይገባል። ያን ቀን አልነገርናትም ሲሉ የሰማሁት ይህን ነው አሉ፤ ሐኪሟ ከጅምሩ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል ብላ ነበር፤ ያልነገሩኝ እንዳልደነግጥ ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ክፉ ካልሆነ ለምን ይቀደዳል? ደብቀውኝ እንደነበር በአፋቸው አመኑ፤ አሁንስ አለመደበቃቸውን በምን አውቃለሁ?

ይህን አልሁ። ሊራዝ ልታስረዳኝ ጀመረች፣ እየሳቀች። ሳቋ አናደደኝ። አንድ ነገር ተናገርኋት። ሳፒር ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

የተናገርሁትን አልጽፈውም።

ሊራዝ ቦርሳዋን አነሣች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 29

በለጠ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሣሁም። ሊራዝ አልደወለችም። ይሻላል።

ያለምዘውድ የልጅሽ ሚስት ጠፋች አለችኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልሁ። «አንቺና እሷ ተጣልታችሁ ከሆነ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገርም» አለች። ለማን ትናገር፣ ሠፈሩን ካዳረሰች በኋላ ማን ይቀራል?

የተረፈው ኬክ ደረቀ። ለወፎች ጣልሁት። መድኃኒቱ እስከ ረቡዕ ድረስ ብቻ ነው የተደረደረ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 2

ዛሬ የሆነውን እየሳቅሁ ነው የምጽፈው፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። አባ ገዳሙ ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው ዱላቸውን ይዘዋል። በዚህ ሠፈር እሳቸውን የማያውቅ የለም። መርዶ ሲኖር የሚላኩት እሳቸው ናቸው። ቃላቸው ለስላሳ ነው፤ ሰውን እንዴት እንደሚይዙ ያውቃሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፣ መንገድ ላይ ሲያያቸው ግን ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይጠይቃል። ማለዳ የእሳቸውን ዱላ በደጁ የሰማ ነጠላውን ያዘቀዝቃል።

ከፈትሁ። «እንዴት አደርሽ ማንተገብሽ» አሉኝ። ከዚያ፣ «እህል ቀምሰሻል?»

አልቆየሁም። ጮኽሁ። ሳፒርዬ ብዬ ደረቴን መታሁ። አባ ገዳሙ አፋቸውን ቢከፍቱም ድምፃቸው አልተሰማም፤ ከእናቴ መርዶ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የያዝሁት ልቅሶ ነው የወጣው። የያለምዘውድ በር ተከፈተ። ፀጉሯን እንኳ ሳትሸፍን፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ፣ «ወይኔ እህቴን» ብላ ገብታ አብራኝ ሙሾውን አወረደችው። ከላይ ያለው የሩሲያ ሽማግሌ ወጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ላይ ቆመ።

በመጨረሻ ያለምዘውድ ደከማትና፣ «ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ማንም» አሉ አባ ገዳሙ።

«ታዲያ እኔ ለማን ነው የማለቅሰው?»

ይህን እያለች ሳለ ከታች የሩጫ ድምፅ መጣ። ሊራዝ ናት። የሱቋን ሸሚዝ ለብሳለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል። መኪናዋን ከታች አቁማ ስትጠብቅ ኖሯል። ዋይታውን ሰምታ እኔ የሞትሁ መስሏት ነው። «ኢማ፣ ኢማ» እያለች ወጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ቆሜ አየችኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንድ ጫማዋ ከታች ወልቆ ቀርቷል።

እንዲያ ያለ ፊት ለእኔ ብሎ የጠቆረ ከባሌ ሞት ወዲህ አላየሁም። ባሌም ቢሆን እንጃ።

ነገሩን አባ ገዳሙ አስረዱን። ሊራዝ ትናንት ቤታቸው ሄዳ፣ በእናንተ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌ ይላካል አሏት። እንግዲያው እርስዎን ልኬያለሁ፤ ግን ከጠዋቱ ሥራዬ በፊት ይሁን አለቻቸው። የማለዳ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ከየት ታውቀዋለች?

«በማለዳ አይሆንም ልላት ነበር» አሉ አባ ገዳሙ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። «ግን ዕድሜ ልኬን ሰው የሚልከኝ ለሞት ነው። ይቺ ልጅ ለእርቅ ላከችኝ። ደስ ቢለኝ ጊዜ ሰዓቱን ረሳሁት።»

ሁላችንም ገብተን ተቀመጥን፤ ሩሲያዊው ብቻ ባርኔጣውን አድርጎ ተመለሰ። አባ ገዳሙ ያለምዘውድን ሂጂ ቢሏትም አልሄደችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ አጥንት ከእኛ ዘር አይደለም፣ ከአንቺ ወገን ነው የመጣ ብለሻታል» አሉኝ። «ተቆጥታ አይደለም የነገረችኝ። እውነት ይሆን ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ።»

እንዲያ ነበር ያልኋት። ያልጻፍሁት ይህ ነበር።

ሊራዝ አማርኛ የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ይህ ግን እንደገባት አየሁ። ጉልበቷን አቅፋ ትጠብቃለች። ሐኪሟ ከማንም አይወረስም ስትል እዚያው ነበረች፤ በጆሮዋ ሰምታለች፤ እንዲያም ሆኖ እኔ የተናገርሁትን ነው ያመነች። እንደ እኔ ሞኝ የሆነ ሌላ ሰው አለ ለካ።

በዕብራይስጥ ነው የተናገርሁት፤ ዕብራይስጤ አጭር ነው። «አንቺ አይደለሽም። እኛም አይደለንም። የማንም አይደለም» አልኋት።

ፊቷን በሸሚዟ እጅጌ ጠረገችና ሰዓቷን አየች። ዘግይታለች። ተነሥታ አቀፈችኝ፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ ነው። እሷ ምንም ነገር በልክ አታውቅም። ያለምዘውድ ወርዳ ጫማዋን አመጣችላት። እስከ ቀትር ድረስ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ይወቀው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሬቪታል ዘንድ ወሰዱኝ፤ ከአፏ እንድሰማ። የምትደብቂኝ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በለጠ አፈረ። ሬቪታል አላፈረችም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነገረው ለታማሚዋ ነው አለች።

ሳፒር ሳቀች። «ሳፍታ፣ ውጤቱ መጀመሪያ በእኔ ስልክ ነው የገባ። እኔ አንብቤ ለአባዬ ነገርሁት። ማን ማንን ይደብቃል?»

የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የራሷን መርዶ ልታነብ ትችል ነበር፤ ብቻዋን፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ሳትበላ። ይህች አገር ደንብ የላትም። ነገር ግን የተጻፈውን አነበበች፣ ደህና ነበር፣ ደህና ነው አለች። አለቀ። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት በከንቱ ነው። ይህን ስጽፈው ቀለለኝ።

ለምን ቆርጠው አያወጡትም አልሁ። ብንፍቀው ተመልሶ ይበቅላል፤ ከሌላ ቦታ አጥንት ብንሞላበትም ይበላዋል አለች። ስለዚህ እንተወዋለን፤ ብረቱ ይሸከምላታል፤ እየጠበቅን እናየዋለን። አብሯት ያረጃል። ይህ ገባኝ። በአገራችን የዘመመ ቤት ባላ ይደገፍበታል እንጂ አይፈርስም። ከተደገፈው ቤት ውስጥ ሰው ተድሮ ይወጣል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ዛሬ። በሩ ተዘጋ። ሳፒር ከመግባቷ በፊት የእኔን እጅ ጠየቀች፤ የእናቷን በሌላው ይዛ ነበር።

ሊራዝ ትመላለሳለች። ቁጭ በይ ብላት አትሰማም።

ሊራዝ ሳንድዊች አመጣችልኝ። እንቢ አልሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ክፉ ወሬ የለኝም፣ እምልልሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ብዪ» አለችኝ። በላሁ።

ወጣች። ሳፒር ደህና ናት። ሬቪታል ገና ከበሩ ሳትወጣ ነው አውራ ጣቷን ያሳየችን።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

እነሱ ቤት ነኝ። ሊራዝ ሥራ ስትውል ሳፒርን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ልጅቱ በክራንች ትሄዳለች፤ የሰውነት ማሠልጠኛ ሐኪም እቤት እየመጣ ያሠራታል። ስትረግጥ ትጮኻለች፣ ከዚያ ትስቃለች። ጠባሳው ቀጭን ነው፣ እንደ መርፌ ስፌት።

ይህ ቤት ሌሊትና ቀን ቴሌቪዥን ነው። ዓሣው በሚጥሚጣ ይቃጠላል፤ ሞሮኮዎች ሰው ጉሮሮ እንዳለው አያውቁም። ሁለት ጊዜ ጨመርሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ፑሪም፣ ልጆች ልብስ ቀይረው የሚጫወቱበት በዓል። ሳፒር ክራንቾቿን በወርቃማ ወረቀት ጠቅልላ ንግሥት ሆነች። አንዱን ለእኔ ሰጥታ በሌላው ብቻ ሄደች። ትንሽ። ከሶፋው እስከ ወጥ ቤቱ። ከዚያ ያለ አንዱም ተመለሰች።

በለጠ ወደ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ቆየ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 13

ራጅ። ብረቱ በቦታው ነው። አጥንቱ አልጎበጠም። ያ ደብዛዛው ነገር እዚያው ተቀምጧል፤ አላደገም። ሬቪታል ከዓመት ዓመት ታየዋለች፤ ሩጫውንም ቀስ በቀስ ፈቀደችላት። ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ጸጥ ብሏል፤ ከሚገባው በላይ ጸጥ ብሏል።

ዓርብ፣ ሜይ 29

ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ያለምዘውድ ከእኔ ቀድማ በሯን ከፍታ አንገቷን አወጣች፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ለሁሉ ማንኳኳት ትወጣለች።

ሊራዝ ናት። የሱቁን ሸሚዝ ለብሳ፣ ከሥራ በፊት። ደግሞ ማለዳ። ስንት ጊዜ ነግረናታል።

«ኢማ፣ መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ሁሉም ደህና ነው» አለች ገና ከደፉ። ይህን ተምራለች።

ከላስቲክ ቦርሳ የሳፒርን የሩጫ ጫማ አወጣች፤ ካገገመች ወዲህ የምትሮጥበትን። ገልብጣ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ ጎን ለጎን። ጫማ ከጠረጴዛ አውርጂ፣ ሰንበት ሊገባ ነው አልኋት። አላወረደችውም። በጣቷ የግራውን ሶል ነካች፣ ከዚያ የቀኙን።

መነጽሬን አደረግሁ። ሁለቱም እኩል ነው ያለቁት።

ሊራዝ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ጠረጴዛውን መወልወል ነበረብኝ። አልወለወልሁትም። ጫማውን አንሥቼ ደግሜ አየሁት፤ ከዚያ ያለምዘውድን ጠርቼ አሳየኋት።